ሰባት ሰው የሚጭን ለሀዋሳ፦ ያገለገለ ፕራዶ ወይስ አይዲ ሲክስ?

አቶቴ_ሰፈር · ኅዳር 8፣ 2018

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ሦስት ወር ሙሉ የናንተን ክርክር ድምፄን አጥፍቼ ሳነብ ነበር። ዛሬ የኔ ተራ ደረሰ።

የምኖረው ሀዋሳ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እናቴ፤ ስድስት ነን። እስካሁን የያዝነው ቪትዝ ነው። ስድስት ሰው ቪትዝ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አትጠይቁኝ። ትንሹ ልጅ እናቴ ጭን ላይ አደገ ማለት ይቻላል። አሁን አምስት ዓመት ሞላው፣ እሷም ጉልበቷን ያማታል። በቃ፣ በዚህ መቀጠል አይቻልም።

ሁለት መኪና ቀርቦልኛል።

አንደኛው ፕራዶ ነው። በፈረንጆች 2015 ስሪት፣ 3.0 ናፍጣ፣ አውቶማቲክ፣ ኮድ 2። ባለቤቱ እዚሁ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ቮልስዋገን አይዲ ሲክስ ክሮዝ፣ 2023 ስሪት፣ ያልተነዳ፣ አዲስ አበባ አስመጪ ጋር የቆመ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ደላሎችም ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። አሥር ዓመት የተነዳው ፕራዶ ካልተነዳው አይዲ ሲክስ ይወደዳል ብላችሁ ይበቃል።

አጠቃቀማችን፦ ከተማ ውስጥ ሥራና ትምህርት ቤት። በወር አንዴ አዲስ አበባ፣ እናቴ የሐኪም ክትትል አላት። ደግሞ ዳዬ በንሳ አባታችን የተወልን የቡና ማሳ አለ፣ እሱንም ማየት አለብኝ። ለታኅሣሥ ገብርኤል እንግዶች ስለሚመጡብን ከዚያ በፊት መግዛት እፈልጋለሁ።

ልቤ ወደ ፕራዶ ነው። ግን ገንዘቡ የዕድሜ ልክ ቁጠባ ስለሆነ ልቤን አላመንኩትም።


ጋሽ_ናፍጣ · ኅዳር 8

ምኑ ነው የሚያከራክረው? ፕራዶ!

ሰማንያ ሰባት ሊትር ትሞላለህ፣ ሀዋሳ አዲስ አበባ ደርሰህ ትመለሳለህ፣ ገና ይተርፍሃል። የትም ብትቆም፣ ይርጋለምም ይሁን አለታ ወንዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያውቀው መካኒክ አታጣም። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ተደርድሮልሃል። ኦርጅናሉም አለ፣ ቅጂውም አለ፣ የፈረሰው መኪና ላይ የተነቀለውም አለ።

አይዲ ሲክስ ሲቆም ማንን ትጠራለህ? የኮምፒውተር አስተማሪ?

ለመሆኑ ፕራዶው ምን ዓይነት ቀለም ነው? ጠዋት ሲነሣ ጭስ አለው?


አቶቴ_ሰፈር · ኅዳር 8

ጋሼ፣ ነጭ ነው። ጭስ አላየሁበትም፤ ያየሁት ግን ከሰዓት ነው።


ጋሽ_ናፍጣ · ኅዳር 8

ከሰዓት ያየኸው አይቆጠርም። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ሂድና ባለቤቱን ቀስቅሰው።


ታቦር_ስር · ኅዳር 9

እኔ አይዲ ሲክስ ከያዝኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ያንተው ከተማ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ከመንገዱ ጀምሬ ልንገርህ።

አስመጪው «600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ብሎህ ይሆናል። እሱ የቻይና መለኪያ ነው፣ ሰው ሳይጫን፣ ሳይጣደፉ የተለካ። አንተ ሲሶውን ቀንስ። ቤተሰብና ሻንጣ ከጫንክ ከሲሶም ትንሽ ጨምረህ ቀንስ።

ሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ባቱ መኪናው ብዙ አይበላም። ሻሸመኔን በባጃጅና በጋሪ መሀል እየተሳብክ ታልፋለህ፣ አርሲ ነገሌ ላይ ከብት ያቋርጥሃል፣ በየመንደሩ ጉብታ አለ። ቀስ ማለት ለኤሌክትሪክ ጥሩ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ወይም 18 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። ከባቱ በኋላ ግን የፍጥነት መንገድ ነው። 110 ላይ ስትለቀው 22 እና 23 ይጠጣል። ከሞጆ በኋላ ደግሞ ዳገቱ ይመጣል። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መቂ አካባቢ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ ነው። ቤተሰብ ሲጭን ሁለት ቶን ተኩል የሚያልፍ መኪና ያንን ሽቅብ ለማውጣት ብቻ 5 ወይም 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ክፋቱ፣ ዳገቱ የሚመጣው ባትሪው ሲያልቅ ነው።

ደምረው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ከፍ ይላል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ የቀረበልህ ፕዩር ነው ወይስ ፕሮ? ፕዩር ትንሹ ባትሪ ነው፣ መጠሪያው 63 ገደማ፣ ከዚያ ላይ በእውነት የምትጠቀምበት 58 ገደማ። ፕሮ ትልቁ ነው፣ መጠሪያው 84.8፣ የምትጠቀምበት 77 ገደማ። ፕራይም የሚባለው ትልቁ ባትሪ ሆኖ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ነው። ፕዩር ከሆነ አዲስ አበባ ሳትደርስ ዱከም ላይ ላብ ያጠምቅሃል።

ሌላው፦ የራስህ ግቢ አለህ? ኮንዶሚኒየም ከሆንክ የጻፍኩትን ሁሉ እርሳው፣ ፕራዶህን ግዛ።


አቶቴ_ሰፈር · ኅዳር 9

ግቢ አለኝ፣ ቤቱ የራሳችን ነው። ቆጣሪው ተራ የቤት ቆጣሪ ነው፣ ባለ አንድ ፌዝ። የባትሪውን ነገር ግን ስለማላውቅ አልጠየቅሁም። አስመጪው የነገረኝ «ፉል ኦፕሽን» ብሎ ነው።


ታቦር_ስር · ኅዳር 9

«ፉል ኦፕሽን» የባትሪ መጠን አይደለም ወንድሜ። አሁኑኑ ደውል።


ሽቦ_ዘርጊ · ኅዳር 9

ሙያዬ የቤት መስመር ዝርጋታ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ብዙ ግቢ ቻርጀር አስገብቻለሁ፣ አንዳንዱንም ሰው ካቃጠለው በኋላ ሄጄ አይቻለሁ።

በቤት ቆጣሪ የሚሠራው ትልቁ ቻርጀር 7 ኪሎዋት ነው፣ 32 አምፔር ይስባል። ምን ያህል እንደሆነ እንዲገባችሁ፦ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። ስለዚህ 7 ኪሎዋት ማለት ሁለት ምጣድ ጥዶ ሌሊቱን ሙሉ ማደር ነው። ማንም ሰው ግን ለሁለት ምጣድ የሚሆን ሽቦ ሳሎን ግድግዳ ላይ ካለች ሶኬት አይጠብቅም። ለመኪና ሲሆን ግን ይጠብቃሉ!

ከቆጣሪው ቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ቢያንስ ባለ 6 ሚሊ ሽቦ፤ ርቀቱ ረጅም ከሆነ ባለ 10። የራሱ ብሬከር። ከዚያ ኧርዝ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው የመከላከያ መስመር፤ እሱ ላይ አጥብቄ ነው የምናገረው። የብዙ ቤት ሶኬት ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም አልተያያዘም። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ዝም ብለው ስለሚሠሩ ማንም አያስተውለውም። የመኪና ቻርጀር ግን ኧርዝ ከሌለ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ሰዉ ያኔ «ቻርጀሩ ተበላሸ» ብሎ ይደውላል።

ደግሞ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን መኪናውን አትሰኩ። ቆጣሪው ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። ጋጋሪዋ ትቅደም።


ኪሎዋት · ኅዳር 10

ጋሽ ናፍጣ ግን ባለፈው ሳምንት ማደያ ላይ ስንት ሰዓት ተሰለፉ? እውነቱን ይንገሩን እስኪ 😂


ጋሽ_ናፍጣ · ኅዳር 10

አንተ ልጅ፣ ሰልፉን እኔ አልፈጠርኩትም። አራት ሰዓት ቆሜያለሁ። አራት ሰዓት ቆሜም ከሞላሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ነዳሁ። አንተ ያችን የቻይና መጫወቻ በየቀኑ ጡት ታጠባታለህ።


ኪሎዋት · ኅዳር 10

ቮልስዋገን የጀርመን ነው ጋሼ።


ጋሽ_ናፍጣ · ኅዳር 10

ማንዋሉን አንብብልኝ እስኪ በጀርመንኛ።


አስተናባሪ · ኅዳር 10

ሁለታችሁም ሳቅንላችሁ፣ ይበቃል። ሰውዬው ከገብርኤል በፊት መኪና መግዛት አለበት።


አቶቴ_ሰፈር · ኅዳር 11

ደወልኩ። ፕዩር ነው።

መጀመሪያ «ልዩነት የለውም» አለኝ። ፎቶ አንሥቶ የበሩ ላይ ያለችውን የፋብሪካ ታርጋ እንዲልክልኝ ስጠይቅ ስልኩን ዘጋው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ደውሎ «ፕሮ ከፈለግህ ጨምር» አለኝ። ታቦር ስር፣ ዕድሜ ይስጥህ። ያንን ቀብድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው።


ጋሽ_ናፍጣ · ኅዳር 11

ብዬህ ነበር። ፕራዶ ላይ ፕዩር ፕሮ የሚባል ጣጣ የለም።


ሶማሌ_ተራ_ልጅ · ኅዳር 12

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ፕራዶም የራሱ ጣጣ አለው። እኔ የምበላው እንጀራ እሱ ነው፣ ልዋሽ አልችልም።

አቶቴ፣ ሊብሬውን ብቻ አይተህ አትርካ። አገራችን ውስጥ ካሉት ፕራዶዎች ብዙዎቹ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው፤ በግብረ ሰናይ ድርጅት፣ በኢንቨስትመንት ፈቃድ። ቀረጡ ሳይከፈል ስም ማዞር አይቻልም። ሻጩ «እሱ ቀላል ነው፣ እንጨርሰዋለን» ካለህ አይቀልም። እዳና እገዳ እንደሌለበት ራስህ ሄደህ አስመርምር። የቻሲ ቁጥሩን ብረቱ ላይ በጣትህ ዳስሰህ አንብብ፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያይ።

ኪሎ ሜትሩን አትመን። አሥር ዓመት የሀዋሳ ሰው የነዳው መኪና 90 ሺህ ካሳየህ ሳቅ። የመሪውን ቆዳ፣ የፍሬን መርገጫውን ጎማ፣ የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ እይ። እነሱን ማንም ወደ ኋላ አይመልሳቸውም።

የስሪቱ ነገር ደግሞ፦ 150 የሚባለው ፕራዶ በፈረንጆች 2009 የወጣ ነው። በ2015 መካከል ላይ 3.0 ናፍጣው ቀርቶ 2.8 መጣ። ሁለቱም ቱርቦ ስለሆኑ ከፍታ ላይ አይደክሙም። 2.7 ቤንዚን ካመጡልህ ግን እምቢ በል። ቱርቦ የለውም፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ይጎድልበታል። ሰባት ሰው ጭኖ የሞጆን ዳገት ሲወጣ ታዝንለታለህ።

ዋጋው ለምን ሰማይ ነካ ለሚለው፦ ጥር 2016 ላይ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አዲስ አይገባም፣ ያለው ብቻ ይዞራል። የምትከፍለው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለብርቅነቱም ነው።


ዳዬ_ቡና · ኅዳር 12

ቆይ፣ የዳዬ ነገር ተረሳ እኮ። እኔ የዚያው ሰው ነኝ።

ዋናው መንገድ ላይ ምንም መኪና ይሄዳል። ችግሩ ከዋናው ተገንጥለህ ወደ ማሳው ስትገባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቀይ ጭቃው እንደ ሳሙና ነው። ፕራዶ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ቻሲ ላይ የቆመ፣ ከመሬት ከሃያ ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ከባድ ማርሽ ያለው። አይዲ ሲክስ ፕሮ የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው፣ ሆዱ ስር ደግሞ ባትሪው አለ። ድንጋይ ሆዱን ሲፍቀው ሰውየው አብሮ ይፋቃል።

ቡና ካለህ ፕራዶ ነው። አለቀ።


ጎሚስታው · ኅዳር 13

ስለ ጎማ ማንም አልተናገረም፣ የሚገርም ነው።

አይዲ ሲክስ የፊትና የኋላ ጎማው ልክ ይለያያል። የኋላው ሰፊ ነው። ስለዚህ ፊት የነበረውን ኋላ፣ ኋላ የነበረውን ፊት እያደረግህ እኩል ማስበላት አትችልም። ከዚያም በላይ እስኮርታ ጎማ የለውም። የፕራዶ ጎማ 265/65 በ17 ወይም 265/60 በ18 ነው፤ የትኛውም ከተማ ታገኘዋለህ።

አይዲ ሲክስ ላይ ጎማው ቀጭን ቆዳ ነው፣ ጉድጓድ አይወድም። አንድ ደንበኛዬ ቡልቡላ ላይ በማታ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጎማውም ቸርኬውም አንድ ላይ ሄደ። መኪናውን በክሬን ነው ያመጣው። ስለዚህ የምትገዛው አይዲ ሲክስ ከሆነ፣ ለኋላ አንድ ለፊት አንድ ጎማ ቀድመህ ገዝተህ ቤት አስቀምጥ። በማታ ደግሞ አትንዳ።


አቶቴ_ሰፈር · ኅዳር 13

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የዳዬ ቡናና የጎሚስታው ነገር አሳመነኝ። ለጭቃና ለጉድጓድ መድኃኒቱ አንድ ነው። ነገ ለፕራዶው ባለቤት እደውላለሁ።


የቤቱ_ሒሳብ_ሹም · ኅዳር 14

ጤና ይስጥልኝ። አባል የሆንኩት ትናንት ማታ ነው። አቶቴ ሰፈር ባለቤቴ ነው። ስልኩን ሳሎን ረስቶት ሄዶ ነው ይህን ሁሉ ያነበብኩት። እሱ ያልጻፈውን እኔ ልጻፍ።

የቪትዟን ወጪ ደብተር ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ካለፈው ኅዳር እስከ ዘንድሮ ኅዳር አዲስ አበባ 14 ጊዜ ሄደናል። ዳዬ 4 ጊዜ። ከአራቱ ሦስቱ በበጋ ነበር፣ ደረቅ መንገድ ላይ፣ በዚያችው በቪትዝ። ክረምት ላይ የሄድነው አንዴ ነው፤ ያኔም ቪትዟን ከተማ አቁመን በሞተር ነው ወደ ማሳው የገባነው። ስለዚህ ባለቤቴ ፕራዶ የሚገዛው በዓመት ለአንድ ቀን ጭቃ ነው።

በቀረው ቀን ሁሉ ምን እንደምናደርግ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤት። በቀን 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለዚያ 25 ኪሎ ሜትር ነው ማደያ የሚሰለፈው። ባለፈው ጥቅምት ሁለት ጊዜ ልጆቹን ከትምህርት ቤት በባጃጅ ያመጣሁት እሱ ሰልፍ ላይ ስለነበር ነው።

ደግሞ አንድ ነገር፣ እንዳይቆጣኝ እንጂ። የፕራዶው ነገር የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ታላቅ ወንድሙ ፕራዶ ሲገዛ።


ኪሎዋት · ኅዳር 14

🔥🔥🔥


ታቦር_ስር · ኅዳር 14

እህቴ፣ ደብተሩ ይኑርልን።


ጋሽ_ናፍጣ · ኅዳር 14

ኧረ ይሄ ሰው ዛሬ ማታ የት ያድራል?


አቶቴ_ሰፈር · ኅዳር 14

እቤት ነኝ፣ ሰላም ነን። የወንድሜ ነገር ባይነሣ ጥሩ ነበር፤ ግን ውሸት ነው አልልም።


ዳዬ_ቡና · ኅዳር 14

አራት ጊዜ ብቻ ከሆነ የጻፍኩትን አንሥቼዋለሁ። በዓመት አንድ ቀን ጭቃ ከሆነ ሞተር ተከራይ፣ ወይም ፒክአፕ ያለው ሰው ጥራ። እኔም አለሁ። ቡናህን ግን አራት ጊዜ ብቻ እያየህ እንዴት ነው የምታመርተው?


ታቦር_ስር · ኅዳር 15

አሁን ወሬው መልክ ያዘ። ወደ አይዲ ሲክስ ካዘነበላችሁ ሳልደብቅ የማስጠነቅቃችሁ አለኝ።

ይህ መኪና ቮልስዋገን ለቻይና ብቻ ብሎ የሠራው ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ነጋዴ ከዚያ ገዝቶ ሲያመጣው ነው። ስለዚህ የኩባንያ ዋስትና አብሮት አይመጣም። አስመጪው «ዋስትና አለው» ሲል የራሱን ማለቱ ነው። ባትሪውን ይጨምር እንደሆነ፣ ስንት ዓመት፣ የት እንደሚጠገን፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። እኔ ምልክቶቹን እንደ ፊደል ቆጥሬ ነው የተማርኳቸው። ቻርጅ መሰኪያው የቻይናው ዓይነት ነው፤ አገራችን ከገቡት መኪኖች አብዛኞቹ የቻይና ስለሆኑ በዚህ አልተቸገርኩም። አዲስ አበባ ስደርስ ቦሌ ኢትዮ ቴሌኮም የከፈተው ጣቢያ እሰካና ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ ያለ ሆቴል ግን «ቻርጀር አለን» ስላለ ብቻ አትመኑ። ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ፣ መብራት እንዳለም ጠይቁ።

ባትሪውን በየቀኑ እስከ 80 በመቶ ብቻ ሙሉ። መቶ የሚሞላው አዲስ አበባ በምትሄዱበት ዋዜማ ነው። ዳገቱን ወጥተህ ስትደርስ የሚያሳይህ ቁጥር አያስደንግጥህ። ስትመለስ ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልስልሃል።

ደግሞ እባካችሁ እናትዬውን ወስዳችሁ ሁለቱም መኪና ላይ አስቀምጧቸው። ስድስት ሰዎች ነን ብላችሁ የአንድ ሰው ምርጫ ብቻ ነው የምሰማው።


አቶቴ_ሰፈር · ኅዳር 23

እናቴን ይዘን ሁለቱንም አየን። ያየነውን ልጻፍ።

መጀመሪያ ፕራዶው። ጋሽ ናፍጣ እንዳሉኝ ጠዋት 12 ሰዓት ሄድኩ። ባለቤቱ በፒጃማ ወጣ። ሞተሩ አንዴ ተቆስቁሶ ተነሣ፣ ጭስ የለውም። ቀረጡ የተከፈለበት ነው፣ ሊብሬውም ንጹሕ ነው። እውነቱን ለመናገር ምንም ነገር አላጣሁበትም። ከዚያ እናቴ መጣች። እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች፣ እጀታውን ያዘች፣ ወደ ላይ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ፈረስ ነው እንዴ?» አለችኝ። ደግፌ አስገባኋት። ስትወርድ ደግሞ ሁለት ሰው ነው የያዛት።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የመጀመሪያ ልጄን አስቀመጥኩት። 16 ዓመቱ ነው፣ ከእኔ በቁመት በልጧል። የፕራዶው ወለል ኋላ ላይ ከፍ ስለሚል ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። አዲስ አበባ ድረስ እንደዚያ ሆኖ አይሄድም።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ሌላ አስመጪ ጋር፣ ፕሮ። የበሩን ታርጋ ራሴ አነበብኩት፤ ልጄ በስልኩ ተረጎመው። በፊትና በኋላ እግር መካከል ያለው ርዝመት 2,965 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፕራዶው 2,790። አሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ልጄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲቀመጥ ግን እግሩን አጠፈና ስልኩን አወጣ፤ ተመቸው ማለት ነው። ተረከዙ ግን ከፍ ያለ ወለል ላይ ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ማጉረምረሙ አይቀርም። እናቴ ቂጧን አስቀድማ ገባች፣ እግሯን አስከተለች፣ አለቀ።

መኪናው ሲበራ በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገረ። እናቴ «አሜን» አለች።


ኪሎዋት · ኅዳር 23

በአሜን ጸደቀ 😂


ሽቦ_ዘርጊ · ኅዳር 23

ኧርዙን ሳታስቀብር እንዳታመጣው።


አቶቴ_ሰፈር · ታኅሣሥ 18፣ 2018

ገዛነው። ፕሮ፣ ግራጫ። ትናንት ይዘነው ገባን።

አዲስ አበባ በ96 በመቶ ተነሣን፣ ሀዋሳ በ31 ደረስን። ከሞጆ በኋላ 100 አላለፍኩም፣ ባለቤቴ አጠገቤ ደብተር ይዛ ነበር። እስከ ሞጆ ያለው ቁልቁለት ላይ ቁጥሩ አልንቀሳቀስ አለ፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም በአንድ ጨመረ። ልጆቹ አጨበጨቡ። አርሲ ነገሌ ላይ ዝናብ አገኘን፣ ሻሸመኔ ሃምሳ ደቂቃ ቆምን። ቆመን ስንቆይ የሚበላው አለመኖሩ እንግዳ ስሜት አለው። ቪትዟ ያን ጊዜ ሙቀቷ ይጨምር ነበር፣ እኔም አብሬ።

ማታ ሰፈሩ በሙሉ ለማየት መጣ። ሽቦ ዘርጊ የሠራልኝ መስመር ላይ ሰካሁት፣ አረንጓዴ በራ፣ «ተቀበለ» አልኩ።

መብራት ሄደ።

እስካሁን አልመጣም። ነገ ገብርኤል ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘጠኝ እንግዶች አሉኝ፣ 31 በመቶ አለኝ። ባለቤቴ ደብተሯን አውጥታ አሰላችው፤ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ከሆነ 31ዱ አራት ቀን ይበቃል አለች። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ መኪናው ውስጥ ገብተው ስልካቸውን እየሞሉ ነው። እንግዲህ የሰፈሩ ጄኔሬተር ሆኛለሁ።


ታቦር_ስር · ታኅሣሥ 18

እንኳን ደስ አላችሁ! የኛም ሰፈር ሄዷል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ነቅሎ መተኛት አያስፈልግም፤ ሲመጣ ራሱ ይጀምራል።


ጎሚስታው · ታኅሣሥ 18

ጎማዎቹን ገዛህ?


አቶቴ_ሰፈር · ታኅሣሥ 18

አንድ የኋላ አገኘሁ። የፊቱን ገና እየፈለግሁ ነው።


ጋሽ_ናፍጣ · ታኅሣሥ 19

እንኳን አደረሳችሁ። ምርጫህን አከብራለሁ፣ እናት ከተመቻት ሌላው ተረፈ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ነጩ ፕራዶ ተሸጠ እንዴ?


አቶቴ_ሰፈር · ታኅሣሥ 19

አልተሸጠም ጋሼ። የባለቤቱን ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግን አይደውሉ፣ ከኔ ጋር ገና አልታረቀም።